ፈቃዱ ላይ ያልተጻፈው ሥራ

ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ባለሱቁ፣ የእህቷ ባል ሳይቀር ቲቸር ይሏታል። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱም ሲያሾፍባት «ቲቸር፣ ዛሬ የቤት ሥራ የለኝም አይደል?» እያለ ነበር ከሥራ የሚገባው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ክረምት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከዳውና በዚያው ቀረ። ቲቸርም የተከራዩትን ቤት ለቃ፣ ሴት ልጇን በእጇ፣ ሻንጣዋን በትከሻዋ ይዛ ታላቅ እህቷ ቤት ገባች።

እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ከፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናዋ ተቀምጧል። ከመኪናው ኋላ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተቀጠለ መጋረጃ ተዘረጋ፤ ቲቸርና ልጇ ከመጋረጃው ጀርባ መኖር ጀመሩ። ውጡልን ያላቸው የለም፤ ፊት ያጠቆረባቸውም የለም። የእህቷ ባል ግን በመጋረጃው በኩል ሊያልፍ ሲል ሁልጊዜ ይስላል። ጉንፋን ኖሮት አይደለም፤ ምናልባት ልብስ እየቀየረች ይሆናል ብሎ፣ ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው። በእኩለ ቀን፣ በገዛ ቤቱ፣ እህህ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ቲቸርን አንጀቷን የሚበላት ይህ ነበር። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ከውስጥ የሚቆለፍ አንድ በር ያለው ክፍል ቢኖራት ሌላ ምንም የምትፈልገው ነገር አልነበረም። የአስተማሪ ደሞዟ ደግሞ እንኳን በር፣ ማጠፊያም አይገዛም።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። ድሮ አብሯት ፊዚክስ ያስተምር የነበረ ሰው ባሕር ማዶ ተሻግሮ ነበርና አንድ ቀን ደወለላት። «እዚህ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው እንደ ውሃ ይፈለጋል። ትንንሽ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ፤ ባለቤቷን አናግሪያት» አላት። ባለቤቷን ሁሉም ማዳም ነው የሚሏት። ማዳም በስልክ ብዙ አልጠየቀቻትም። «ለአምስት ዓመት ልጅ እንደምታወሪ አድርገሽ አንድ ተረት ንገሪኝ» ብቻ አለቻት። ቲቸር ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ትምህርት ቤት ስለሚያረፍድ ኤሊ እዚያው ፈጥራ በእንግሊዝኛ አወራች። ከውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እህቷ ከእንግሊዝኛ አንዲት ቃል አታውቅም፤ ግን ኤሊው ዘበኛውን ሲለምን ከት ብላ ሳቀች። ማዳምም በወዲያኛው በኩል ሳቀች። «ነይልኝ» አለቻት።

መሄድ ግን በነይልኝ ብቻ አይሆንም። ቲቸር ዲግሪዋን ለማስመስከር እግሯ እስኪቀጥን ዞረች። አንደኛው ቢሮ መጀመሪያ የሌላውን ማኅተም አምጪ ይላታል፤ ሌላኛው ወደ አንደኛው ይመልሳታል። አንድ ቀን በመስኮት በኩል ያለው ጸሐፊ ዲግሪዋን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ማኅተሙ ልክ ነው። የፈረሙት ሰውዬ ግን ሞተዋል።»

«ሲፈርሙ በሕይወት ነበሩ እኮ።»

«እሱማ ነበሩ። በሕይወት ያለ ሰው ግን ፊርማቸው ነው ብሎ ይመስክርልሽ።»

በሕይወት ያለው ሰው ዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። ሲመለስም ሟቹን አላውቃቸውም አለ። ደጅ ስትጠና፣ ስትለምን፣ መጨረሻ ላይ የሟቹ የቀድሞ ጸሐፊ ተገኘችና አዎ እሳቸው ናቸው ብላ መሰከረች። ቲቸር ፖሊስ ጣቢያ አሻራ ሰጠች፤ ሐኪም ቤት ደረቷን ራጅ ተነሣች። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ለማዳም ደወለች። ማዳም ግን ሌላ ነገር ይዛ ጠበቀቻት።

«የሥራ ቪዛ ዓመት ይፈጃል። አንቺ በጉብኝት ቪዛ ግቢ፤ ወደ ሥራ ፈቃድ እዚህ እንቀይረዋለን።»

«ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው?»

«የኔ እመቤት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚገባው።»

ቲቸር ከትምህርት ቤቷ መልቀቂያ ወስዳለች፤ በቦታዋም ሌላ ሰው ተቀጥሯል። ወደ ኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። ኤምባሲው መስኮት ላይ ቆማ ለመጎብኘት ነው የምሄደው አለች። ምን ለመጎብኘት ስትባል አላሰበችበትም ነበርና «ሙዚየም» አለች። ቪዛው ተመታላት። በወጣች ቀን ልጇ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ «ስትመጪ በር ያለው ቤት ነው የምንገባው?» አለቻት። ቲቸር አዎ አለቻት። ይህን ከተናገረች በኋላ ዞር ብላ ማየት አልቻለችም።

ትምህርት ቤቱ ግድግዳው ላይ ዝሆንና ቀጭኔ የተሣለበት፣ ፎቅ ያለው ጠባብ ግቢ ነው። የተሰጣት ማደሪያ ደረጃ ሥር ያለች ክፍል ስትሆን፣ በሩ ቁልፍ አለው። የመጀመሪያዋን ቀን ቆልፋ ከፈተችው፤ ደግማ ቆለፈችው። ፓስፖርቷን ማዳም ለሥራ ፈቃዱ ያስፈልጋል ብላ ወስዳ ከራሷ መሳቢያ አስገባችው። ልጆቹ ሚስ ይሏታል። ከነሱ ውስጥ የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ምላሰኛ ልጅ ነበረች፤ ቲቸር በልቧ ወላቃዋ ብላ ሰየመቻት። ወላቃዋ ምላሷን በጥርሶቿ መካከል አውጥታ መጥራት ያለባትን የእንግሊዝኛውን «ዘ» ድምፅ ልትጠራ ስትል ትንፋሿ በክፍተቱ ፉት ብሎ ያመልጣታል፤ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቅና እንደገና ትሞክራለች።

ሒሳብ የሚያስተምረው ደግሞ ከሌላ ሀገር የመጣ፣ በር ሲገባ አጎንብሶ የሚገባ ሰው ነበር። ቲቸር ረጅሙ ትለዋለች። እሱም ፈቃድ የለውም። የጉብኝት ቪዛቸው ሊያልቅ ሲል ማዳም ፓስፖርታቸውን ትሰጣቸውና ሁለቱ በአውቶቡስ ድንበር ድረስ ይሄዳሉ፤ ድልድዩን በእግራቸው ተሻግረው፣ ወዲያ ማዶ ሻይ ጠጥተው፣ አዲስ ማኅተም ተመትቶላቸው ይመለሳሉ። የድንበሩ ሹም በኋላ በኋላ ለመዳቸው።

«ጉብኝቱ ገና አላለቀም?» ይላታል።

«ሀገራችሁ ሰፊ ነው» ትለዋለች።

አንድ ጊዜ ግን አልሳቀም። ፓስፖርቱን ገጽ በገጽ ገለጠና «ይህ የመጨረሻሽ ነው። ከእንግዲህ ወይ ፈቃድ ይዘሽ ትመጪያለሽ፣ ወይ ሀገርሽ ትገቢያለሽ» አላት። በመመለሻው መንገድ ረጅሙ ጉልበቱን ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር አጋጥሞ በመስኮት ሲያይ መጣ።

በነጋታው ማዳም ጉዳይ አስፈጻሚውን አስጠራችላት። ሰውዬው ሁለት ስልክ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ አንዱን እያየ ነው የሚያወራው።

«ሕጉ እንዲህ ነው» አላት። «እንግሊዝኛ ለማስተማር ፓስፖርትሽ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ከሆነ ሀገር መሆን አለበት። ያንቺ አይደለም።»

ቲቸር ወደ ማዳም ዞረች። «ይህን ስታስመጪኝ ታውቂ ነበር?»

ማዳም መስኮቱን አየች። «ሕግ ይቀየራል ብዬ ነበር።»

«በጽዳት ግን መግባት ትችያለሽ» አለ ጉዳይ አስፈጻሚው። «ለጽዳት አፍ መፍቻ አይጠየቅም።»

«ወረቀት ላይ ብቻ ነው እኮ» አለች ማዳም ቶሎ ብላ። «ክፍል ውስጥ ሚስ ያው አንቺ ነሽ።»

ስንት ማኅተም የተመታበት የቲቸር ዲግሪ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ ከስልኮቹ አጠገብ ተቀምጧል። ሰውዬው ወደ ጎን ገፋ አደረገውና የምትፈርምበትን ወረቀት በቦታው ዘረጋላት። ፈረመች። ያን ቀን ለእህቷ ደውላ «እትዬ፣ ፈቃዴ ሊወጣ ነው» አለቻት። እህቷ እልል ልትል ሲቃጣት ቲቸር ልጆች እየመጡብኝ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው። አንድም ልጅ እየመጣ አልነበረም።

ፈቃዱ ሳይወጣ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የሚማሩት ላይ፣ ታች፣ ውስጥ፣ ኋላ የሚሉትን ቃላት ነበር። ቲቸር ጨዋታ አድርጋዋለች፤ ልጆቹ ዓይናቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፣ እሷ ጠረጴዛ ሥር ወይ መጋረጃ ኋላ ትደበቃለች፣ ከዚያ ሚስ የት ናት ተብሎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። ረፋዱ ላይ ማዳም ጫማዋን በእጇ ይዛ በኮሪደሩ ስትሮጥ መጣች። «ከሠራተኛ ቢሮ መጥተዋል፤ ተደበቁ!» ረጅሙም ከጎረቤት ክፍል እየተንደረደረ ገባ። ክፍሉ ጥግ የሥዕል ወረቀትና የልጆች ፍራሽ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ነበር። ሁለቱ ገቡበት። ረጅሙ እንደ ጃንጥላ ተጣጥፎ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ የቁም ሳጥኑን በር ከውስጥ በጥፍሩ ሳበው።

ልጆቹ ዓይናቸውን ሸፍነው ቁጭ አሉ። ጨዋታው የተጀመረ መስሏቸዋል።

ከውጭ የአዋቂ ጫማ ድምፅ ተሰማ። አንድ የደከመው የሚመስል የወንድ ድምፅ፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ፣ «አስተማሪያችሁ የት ናት?» ብሎ ጠየቀ። ደግሞ ጠየቀ። ከዚያ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ወላቃዋ፣ እንደተማረችው ቆማ፣ እጇን አንሥታ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መለሰች።

«ዘ ቲቸር ኢዝ ኢን ዘ ከበርድ።» አስተማሪዋ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናት ማለቷ ነው።

ስንት ወር ያታገላት ያ የ«ዘ» ድምፅ ሁለቱንም ጊዜ አንድም ፉጨት ሳይኖርበት ጥርት ብሎ ወጣ። ቲቸር በጨለማው ውስጥ ከፍርሃቷ አስቀድሞ ደስ አላት። ዓይን እስኪርገበገብ ለምትፈጅ ቅጽበት ኮራች። ከዚያ በሩ ተከፈተና ረጅሙ ከነወረቀቱ ጥቅል ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

«የጽዳት ሠራተኞች ናቸው» አለች ማዳም። «መጥረጊያ ሊያወጡ ነው የገቡት።»

ተቆጣጣሪው ጠና ያለ ሰው ነበር። ማዳምን ትቶ ቲቸርን አያት። «አንቺ አስተማሪ ነሽ?»

ልጆቹ ሁሉ አፍጥጠው ያዩዋታል። ቲቸር ልጇን አሰበች፤ የእህቷ ባል መጋረጃው ጋ ቆሞ ሲስል ታያት።

«ጽዳት ነኝ» አለች።

«ኖ፣ ሚስ» አለች ወላቃዋ፣ ስሕተት እንደምታርማት ሁሉ።

«ይህቺ ልጅ ውሸት ልማዷ ነው» አለች ማዳም በሀገሩ ቋንቋ። ወላቃዋ ወደ ቲቸር ዞረች። ቲቸር አይደለም እንድትል ጠበቀች። በደንብ ጠበቀቻት። ቲቸር ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ማመልከቻዋ ወጥቶ ታየ። ሥራ ከሚለው ፊት ለፊት ጽዳት ይላል። ተቆጣጣሪው አላመነም፤ ግን ወረቀቱ የሚለው ያንኑ ነበርና አጥፎ መለሰው። «እመለሳለሁ» ብቻ አለ። ረጅሙ ግን ማዳም ገና ማመልከቻ ስላላስገባችለት የሚታይ ወረቀት አልነበረውም። ሱሪው ላይ የተጣበቀውን ባለቀለም ወረቀት እያራገፈ ይዘውት ወረዱ። ደረጃው ጋ ዞር ብሎ «አንቺ እንኳ ተረፍሽ» አላት። የምሩን ነበር፤ እሷን የቆረጣትም የምሩን መሆኑ ነው።

ተቆጣጣሪው እመለሳለሁ ስላለ ቲቸር ሲመጣ መወልወያ ይዛ መገኘት ነበረባት። ማዳም ለጥቂት ሳምንት ነው አለቻት። ክፍሉን የሚይዝ አንድ ወጣት መጣ፤ ዓለምን የሚዞር፣ ፓስፖርቱ ትክክለኛው የሆነ፣ በሕይወቱ ልጅ ፊት ቆሞ የማያውቅ። ደግ ልጅ ነው፤ ቲቸርን ባያት ቁጥር ሰላም ይላታል። እሷ ሰማያዊ ሽርጥ ለብሳ ኮሪደሩን ትወለውላለች፤ እሱ ከውስጥ ጊታር ይመታል። ጥቂት የተባለው ሳምንት ወር ሆነ፤ ወሩ ተደራረበ። ፈቃዱ ወጣ። ፎቶዋ ያለበት ጠንካራ ካርድ ነበር። ማዳም እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ሳመቻት።

ቲቸር ያን ካርድ ይዛ የልጆቹ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ማልቀስ ፈልጋ እንባዋ እንቢ አላት። ስትመኘው የኖረችው ፈቃድ እጇ ገብቷል፤ በሩም ከውስጥ ይቆለፋል። ግንባሯን በግድግዳው ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ አስደግፋ ቆመች። ከዚያ በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት በረዳትነት ሊወስዳት ፈልጎ ነበርና መልቀቂያ ስጪኝ ብላ ማዳምን ለመነቻት። «ፈቃድሽ በኔ ስም ነው። እኔን ከለቀቅሽ ፈቃዱም አብሮ ይቀራል» አለቻት፤ ተቆጥታ እንኳ አልነበረም። ልጇ በስልክ ሁልጊዜ «እማዬ፣ ዛሬ ምን አስተማርሽ?» ትላታለች። ቲቸር የተደረደሩትን የሳሙና ጠርሙሶች ታይና «ቀለሞችን» ትላለች። «የትኞቹን?» ትላለች ልጅቷ፤ እሷም ጠርሙሶቹን እያየች ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ትላለች።

አንድ ቀን ወጣቱ አስተማሪ በባልዲዋ አጠገብ ሲያልፍ ቆመ። «ያቺ ጥግ የምትቀመጠው ልጅ መናገር አትችልም እንዴ? ከመጣሁ ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።» ቲቸር በመስኮት አየች። ወላቃዋ ናት። አዲሱ ጥርስ በቅሎላታል፤ ግን አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታለች። ከቁም ሳጥኑ ቀን ወዲህ ከአፏ እንግሊዝኛ አልወጣም።

ቲቸር ያን ዕለት ሥራ አልሆነላትም። አንድ ክፍል ሁለቴ ወለወለች፤ ሌላውን ረሳችው። ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ ወደ ግቢው ወረደች። ወላቃዋ ብቻዋን ዥዋዥዌው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቲቸር እርጥቡ ሽርጧ አፈር እስኪነካ ተንበረከከችላት።

«ያን ቀን እውነቱን የተናገርሽው አንቺ ነሽ» አለቻት በእንግሊዝኛ፣ ቀስ አድርጋ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።»

ልጅቷ ዥዋዥዌውን በእግሯ አቆመችው። «ቁም ሳጥኑን ነው የፈራሽው?»

«አይ፣ ሰውዬውን።»

«እኔም ፈርቼው ነበር» አለች ወላቃዋ። ቀጥላም «ግን መለስኩ» አለች።

«መለስሽ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።»

ልጅ ነገር አያሳድርም። ወላቃዋ ቤቷ ገብታ ለእናቷ ሁሉንም ዘረገፈችው። እናትየው በማግስቱ ልጇን እያንጠለጠለች መጣች። «ልጄን በሰው ፊት ውሸታም አስብላችሁ፣ ስንት ወር ሙሉ ድዳ አድርጋችሁ አስቀመጣችሁብኝ» ብላ ግቢውን አናወጠችው፤ ለቢሮው አመለክታለሁ አለች። ማዳም ቲቸርን ጠራቻት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን በወጣሽ ነው አንድ ፍሬ ልጅ ጋ ሄደሽ የምትናዘዢው?»

ማዳም ነገሩ ሳይሰፋ ፈቃዱን በዚያው ቀን አሰረዘችው። ፓስፖርቷን ከመሳቢያው አውጥታ ሰጠቻት፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ከሀገር መውጣት አለባት። ቲቸር ዕቃዋን በዚያው ማታ ሸከፈች። ልክ ነገር ያደረገ ሰው የሚሰማው ሰላም አልተሰማትም። የተሰማት ልጇ መጋረጃውን ይዛ የጠየቀቻት ጥያቄ ነበር። አውሮፕላኑ እስኪነሣ፣ ከተነሣም በኋላ፣ ምን ብዬ ነው የምገባው እያለች ራሷን ጠየቀች።

የተቀበለቻት እህቷ ናት። ለልጅቷ ሳትነግር ብቻዋን መጣች። ቲቸር በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ፣ ስለ ጽዳቱም፣ ስለ ቁም ሳጥኑም፣ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«በቃ ይኸው ነው?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ቤት ስትወለውዪ ኖረሽ የለም እንዴ። ያኔ ፈቃድ አልጠየቅሁሽም።»

ቲቸር ሳይታሰብ ሳቅ አመለጣት። እህቷም ሳቀች። መጀመሪያ ማልቀስ የጀመረችው ግን እህቷ ናት፤ ሰው እስኪያያቸው ድረስ፣ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ።

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ ሮጣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ስለ በሩ አልጠየቀችም። አድጋለች፤ እንዳትጠይቅ የነገራት ሰው አልነበረም። ቲቸርን ይህ ከጥያቄው በላይ ጎዳት።

የቀድሞ ቦታዋ ተይዟል። አሁን ከሰዓት በኋላ ፈረቃ፣ በኮንትራት፣ የታመመ ወይ የወለደች አስተማሪ እየተካች ታስተምራለች። የሚኖሩት እዚያው መጋረጃው ኋላ ነው፤ የእህቷ ባልም እዚያው ቆሞ ይስላል። ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳቧን ግን አልተወችም፤ መተው የሚችል ሰው ሌላ የሚሄድበት ያለው ነው። አንድ ሰው የእገሌ ሀገር አስተማሪ ይፈልጋል ብሎ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ትሰማዋለች። ከዚያ ስለ ደሞዙም ስለ ማደሪያውም ሳትጠይቅ «ፈቃዱ ላይ ሥራዬ ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» ትላለች። ሰውዬው ጠይቄ እመጣለሁ ይላል። እስካሁን ጠይቆ የመጣ የለም።